የፊዚክስ ሊቃውንትና ድመቶቻቸው

ትዊተር ይባል የነበረው ማኅበራዊ መረብ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 መጨረሻ ወደ አዲስ ባለቤት እጅ ሲገባ፣ በርካታ የሳይንስ ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ማስቶዶን ወደተባለው መረብ መጉረፍ ጀመሩ። በፌብሩዋሪ 2024 ብሉስካይ የተባለው ሌላ መረብ በሩን ለሁሉም ሲከፍት ደግሞ ብዙዎች ወደዚያም ተሻገሩ። አዲስ ሠፈር የገባ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉ እነዚህም ሰዎች በየደረሱበት ራሳቸውን አስተዋወቁ። ማስተዋወቂያዎቹን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሰውየው ወይም ሴትየዋ የምርምር መስካቸውን ይጠቅሳሉ፤ ከዚያ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ የድመታቸውን ወይም የውሻቸውን ስም ይነግሩናል። ጥቁር ጉድጓዶችን የሚያጠናው ሊቅ ከቀመሩ ቀጥሎ የሚያቀርበው ሥዕል፣ በኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ የተኛች ድመት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ አገር አንባቢ ጥቂት እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። በአብዛኛው ቤታችን ድመት የምትኖረው አይጥ እንድትይዝ፣ ውሻም የሚኖረው ግቢ እንዲጠብቅ ነው። ሊቅ የተባለ ሰው ከጥናቱ ጋር ድመቱን አያይዞ ማቅረቡ ቀልድ ወይም ሥራ መፍታት ሊመስል ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የቤት እንስሳ ወደ ፊዚክስ የገባው ከማኅበራዊ መረቦች ብዙ ዘመን ቀድሞ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ የጥናት ጸሐፊ፣ አንዳንድ ጊዜም ራሱ የጥናቱ ጥያቄ ሆኖ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥቂቶቹን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጸሐፊዎቹ እንጀምር። በ1975 ጃክ ሄዘሪንግተን የተባለ በአሜሪካ የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ ስለ ጠጣር ሂሊየም 3 አንድ ጥናት አዘጋጀ። ሂሊየም 3 በከፍተኛ ግፊት ወደ ጠጣርነት ሲለወጥ፣ ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ በላይ የአንድ ዲግሪ አንድ ሺሕኛ ያህል እስኪደርስ ቢቀዘቅዝ እንኳ አቶሞቹ በየቦታቸው ጸጥ ብለው አይቀመጡም። ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሆነው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቦታ ይለዋወጣሉ። የሄዘሪንግተን ጥናት ይህ ልውውጥ በጠጣሩ መግነጢሳዊ ጠባይ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ የሚመለከት ነበር። ጽሑፉ አልቆ በጽሕፈት መኪና ከተመታ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባው አንብቦ ችግር አገኘበት። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር «እኛ» እያለ ይናገራል፤ ጸሐፊው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ የተባለው ታላቅ የምርምር መጽሔት ደግሞ ይህን አይቀበልም ተባለ።

ዛሬ ቢሆን ኮምፒውተሩ «እኛ»ን በሙሉ ወደ «እኔ» ለመለወጥ ጥቂት ሴኮንዶች ይበቁት ነበር። በጽሕፈት መኪና ዘመን ግን፣ ያውም በቀመር የተሞላን ጽሑፍ፣ እንደ አዲስ መምታት ማለት ነው። ሄዘሪንግተን አቋራጭ ፈለገ፤ ሁለተኛ ጸሐፊ ጨመረ። የተጨመረው ጸሐፊ ቼስተር የተባለው የሲያም ዝርያ ድመቱ ነበር። ስሙን የሚያውቁ እንዳይስቁበት ሲል ኤፍ. ዲ. ሲ. ዊላርድ አለው። ሁለቱ ፊደላት የድመት ሳይንሳዊ መጠሪያ ምኅጻር ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ቼስተርን፣ ዊላርድ ደግሞ የድመቱን አባት ስም የሚያመለክት ነው። ጥናቱ በኖቬምበር 1975 ታተመ። ነገሩ ሲታወቅም ለወዳጆች በተሰጡ ጥቂት ቅጂዎች ላይ ሄዘሪንግተን ሲፈርም፣ ዊላርድ የመዳፉን አሻራ አኖረ። ይህም አልበቃ ብሎ በ1980 ላ ሬሼርሽ በተባለው የፈረንሳይ መጽሔት ስለ ሂሊየም 3 የወጣ አንድ ጽሑፍ ብቸኛ ጸሐፊው ዊላርድ ነበር። የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በበኩሉ በኤፕሪል 1 ቀን 2014፣ ማለትም በቀልድ ቀን፣ በድመቶች የተጻፉ ጥናቶች ሁሉ ከእንግዲህ በነፃ ይነበባሉ ሲል አስታውቋል።

አስተዋይ አንባቢ እኛም በዚህ ጽሑፍ «እኛ» እያልን እንደምንናገር ሳይታዘበን አይቀርም። በአማርኛ የአንድ ሰው «እኛ» የቆየ የጽሕፈት ልማድ ስለሆነ ድመት መጨመር አላስፈለገንም።

ተመሳሳይ የመጠሪያ ጣጣ በሥነ ሕይወትም ተከስቷል። ፖሊ ማትዚንገር የተባለችው የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ተመራማሪ በ1978 ያሳተመችው ጥናት ተባባሪ ጸሐፊ ጋላድሪየል ሚርክውድ የምትባል ነበረች። ሚርክውድ የማትዚንገር ውሻ ናት። ማትዚንገር «ተደረገ፣ ተለካ፣ ታየ» እያለ አድራጊውን የሚሸሽግ አጻጻፍ አትወድም፤ ብቻዋን «እኔ» ለማለት ደግሞ ገና ጀማሪ ስለነበረች አልደፈረችም። ስለዚህ «እኛ» ለማለት ውሻዋን ጠራች። አንድሬ ጋይም የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ደግሞ በ2001 በመግነጢስ ኃይል አየር ላይ የሚንሳፈፍ ተሽከርካሪ አካል የምድርን ዙረት ሊለካ እንደሚችል የሚያሳይ ጥናት ሲያወጣ፣ ቲሻ የተባለ ሃምስተሩን ተባባሪ ጸሐፊ አድርጎታል። ሃምስተር በአውሮፓ ልጆች በሣጥን የሚያሳድጉት አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ ነው። ጋይም ቀልደኛ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር፣ ይኸው ሰው በ2010 በግራፊን ሥራው ከኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ጋር የኖቤል ሽልማትን መቀበሉን ያስታውስ።

ይህን ልማድ የምናሞግሰው አይደለም። በጥናት ላይ የሰፈረ ስም ኃላፊነት ነው። ቁጥሩ ቢሳሳት «ተሳስቻለሁ» ብሎ መልስ የሚሰጥ ሰው መኖር አለበት፤ ድመት ይህን ልታደርግ አትችልም። ሆኖም በዓለም ዙሪያ የሚታወቅ ከዚህ የባሰ ልማድ አለ። አንዲት ልኬት ሳይለካና አንዲት መስመር ሳይጽፍ፣ በሥልጣኑ ወይም በትውውቅ ብቻ ስሙ በጥናት ላይ የሚሰፍር ሰው ጥቂት አይደለም። ቼስተር ቢያንስ በጥናቱ የደረጃ ዕድገት አልጠየቀበትም።

አሁን ድመት ራሷ ጥያቄ ወደሆነችበት ምዕራፍ እንለፍ። ጀርባዋ ወደ ታች ሆኖ የተለቀቀች ድመት በእግሮቿ ታርፋለች። ይህን የማያውቅ የለም። እንዴት እንደምታደርገው ግን የአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ታላላቅ ሊቃውንትን አስጨንቋል። የኤሌክትሮማግኔቲዝምን ሕጎች የደነገገው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ1870 ለባለቤቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ በወጣትነቱ ድመት በመስኮት እየወረወረ ያጠና እንደነበር በኬምብሪጅ ወሬ እንደተነዛበት ይነግራታል። እሱ እንደሚለው የጥናቱ ዓላማ ድመቷ በምን ያህል ፍጥነት እንደምትገለበጥ ማወቅ ሲሆን፣ ትክክለኛው ዘዴም ከአምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ጠረጴዛ ወይም አልጋ ላይ መልቀቅ ብቻ ነው። ተማሪዎቻችን የሚከተለውን ለመረዳት ድመት መጣል እንደማያስፈልጋቸው ከወዲሁ እናሳስባለን።

ችግሩ ይህ ነው። ማንኛውም አካል የሚሽከረከርበት ብዛት፣ ማለትም የሽክርክሪት ሞመንተም፣ ከውጭ የሚያዞረው ኃይል ካልመጣበት በቀር አይለወጥም። ሳትሽከረከር የተለቀቀች ድመት የሽክርክሪት ሞመንተሟ ዜሮ ነው፤ መሬት እስክትነካ ድረስም ዜሮ ሆኖ መቆየት አለበት። ታዲያ አየር ላይ የምትደገፍበት ነገር ሳይኖር በምን ተገለበጠች? ብዙዎች በለቃቂው ሰው እጅ ላይ ተደግፋ ራሷን ታዞራለች ብለው ያምኑ ነበር። በ1894 ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ የመውደቂያውን ቅጽበት በተከታታይ ፎቶግራፎች ቀርጾ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። ፎቶግራፎቹ ላይ ድመቷ መውደቅ ስትጀምር ምንም ዓይነት ሽክርክሪት አይታይባትም፤ መገልበጧን የምትጀምረው ከተለቀቀች በኋላ ነው።

መልሱ ድመት አንድ ወጥ ግንድ አለመሆኗ ላይ ነው። ወገቧ ይታጠፋል፤ የፊት ግማሿና የኋላ ግማሿ ለየብቻ ሊዞሩ ይችላሉ። አካል ለመሽከርከር የሚያሳየው እንቢታ፣ ማለትም የሽክርክሪት ኢነርሺያው፣ ክብደቱ ከዙረቱ ማእከል በራቀ ቁጥር ይጨምራል። ድመቷ በመጀመሪያ የፊት እግሮቿን ሰብስባ ወደ ደረቷ ታስጠጋለች፤ የኋላ እግሮቿን ትዘረጋለች። የኋላ ግማሿ ኢነርሺያ የፊቱን አምስት እጥፍ ሆነ እንበል። ፊቷን 100 ዲግሪ ወደ ቀኝ ስታዞር ኋላዋ ወደ ግራ የሚዞረው 20 ዲግሪ ብቻ ነው። ቀጥላ ተግባሩን ትገለብጠዋለች፤ የፊት እግሮቿን ዘርግታ የኋላዎቹን ትሰበስባለች። አሁን ኋላዋ ብዙ ይዞራል፤ ፊቷ ጥቂት ይመለሳል። በየቅጽበቱ የቀኙና የግራው ሽክርክሪት ተጣፍቶ ድምሩ ዜሮ ነው፤ ድመቷ ግን ተገልብጣለች። ከአንድ ሜትር ከፍታ ለመውደቅ 0.45 ሴኮንድ ብቻ ስለሚወስድ፣ ይህ ሁሉ የሚጠናቀቀው እኛ ዓይናችንን ገርበብ አድርገን እስክንከፍት ነው። በ1969 ኬንና ሼር የተባሉ ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድመቷን በሁለት የተያያዙ ሲሊንደሮች መስለው እንቅስቃሴዋን በቀመር አሳዩ። ውጤቱ ለጠፈርተኞችም የሚያገለግል ነበር፤ ክብደት አልባ በሆነ ስፍራ የሚንሳፈፍ ሰው ምንም ሳይነካ ፊቱን ወደፈለገበት ማዞር የሚችለው በዚሁ ጥበብ ነውና። የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ያገኘ ተማሪ እግሩን ከወለል አንሥቶ፣ ክንዱን ሲዘረጋና ሲሰበስብ ወገቡን እየጠመዘዘ ይሞክረው።

ከዚህ በኋላ የምናነሣቸው ሁለት ጥናቶች ወደ መጀመሪያው ጉዳያችን፣ ወደሚታደሉት የእንስሳት ሥዕሎች፣ ይመልሱናል።

በኢንተርኔት ከሚዘዋወሩ የድመት ፎቶግራፎች ሁሉ የታወቁት ድመት በጠባብ ማሰሮ፣ በጎድጓዳ ሳህን ወይም በካርቶን ውስጥ ተኝታ የዕቃውን ቅርጽ ይዛ የምትታይባቸው ናቸው። ፈሳሽ የያዘውን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል ብለን በትምህርት ቤት ተምረናል። እንግዲያው ድመት ፈሳሽ ናት ወይ? ተመልካች ሁሉ ስቆ ሲያልፍ፣ ማርክ አንትዋን ፋርደን የተባለ ፈረንሳዊ ፊዚሲስት ግን ጥያቄውን ከልቡ ወሰደው፤ በ2014 ስለ ድመቶች ፍሰት አንድ ጽሑፍ አሳተመ። በ2017 የኢግ ኖቤል ሽልማት አገኘበት። ኢግ ኖቤል በመጀመሪያ የሚያስቁ፣ ቀጥሎ የሚያሳስቡ ጥናቶች የሚሸለሙበት ነው።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቁስ ጠጣር ነው ወይስ ፈሳሽ ብሎ መጠየቅ ያለ ሰዓት ትርጉም የለውም። ፈሳሽነትን የሚወስነው ቁሱ ቅርጹን ለመለወጥ የሚፈልገው ጊዜ እኛ ከምንመለከትበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል የሚገኘው ውጤት የዲቦራ ቁጥር ይባላል። ስሙን በ1964 በጽሑፍ ያስተዋወቀው ማርከስ ሬይነር ሲሆን፣ የወሰደው ከመጽሐፈ መሳፍንት ነው። ነቢይቱ ዲቦራ በድል መዝሙሯ ተራሮች በእግዚአብሔር ፊት ፈሰሱ ትላለችና፤ ዘላለማዊ ለሆነ ተመልካች ተራራም ይፈሳል ማለት ነው ሲል ሬይነር ተረጎመው። ቁጥሩ ከአንድ በጣም ሲያንስ ቁሱ ፈሳሽ፣ በጣም ሲበልጥ ጠጣር ነው። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ1927 የተጀመረ አንድ ሙከራ ለዚህ ምስክር ነው። በመዶሻ ሲመቱት የሚሰባበር ሬንጅ መሰል ቁስ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ተቀምጦ ይንጠባጠባል፤ እስከ 2014 ድረስ የወደቁት ጠብታዎች ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ድመትም እንዲሁ ናት። ከአጥር ስትዘል በሴኮንድ ክፍልፋይ ከታየች ጠጣር ናት፤ ከሰዓት በኋላ በቅርጫት ውስጥ ስትተኛ ለረጅም ጊዜ ከታየች ግን ፈሳሽ ትሆናለች።

ሁለተኛው ጥናት በእኛ ግምት ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱም የተጀመረው ከቁርስ ጠረጴዛ ነው። ሮማን ስቶከር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በነበረበት ጊዜ፣ ኩታ ኩታ የምትባለው የቤቱ ድመት ስትጠጣ እየተመለከተ፣ ፈሳሹ ወደ አፏ የሚወጣው በምን ኃይል ነው ብሎ ጠየቀ። ድመት እንደ ሰው ወይም እንደ ፈረስ ጉንጯን ዘግታ መምጠጥ አትችልም። ስቶከር ከፔድሮ ሬይስ፣ ከሰንግዋን ጁንግና ከጄፍሪ አሪስቶፍ ጋር ሆኖ ኩታ ኩታን በፈጣን ካሜራ ቀረጻት። ብዙዎቻችን ምላሷን እንደ ማንኪያ አጥፋ የምትጨልፍ ይመስለናል። በእርግጥም የምላሷ ጫፍ እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ይህም በ1941 የኦስካር ሽልማት ባገኘው የሃሮልድ ኤጀርተን አጭር ፊልም ላይ ታይቷል። አዲሱ ቀረጻ ያሳየው ግን ምላሷ አለመጨለፉን ነው። የታጠፈው ጫፍ ለስላሳ ጀርባ የፈሳሹን ገጽ ይነካል እንጂ አይጠልቅም፤ ወዲያውም በሴኮንድ እስከ 78 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ወደ ላይ ይመለሳል። ገጹን የነካው ፈሳሽ ምላሱን ተከትሎ እንደ ቀጭን ዓምድ ይነሣል።

በዚህ ዓምድ ውስጥ ሁለት ኃይሎች ይታገላሉ። የተነሣው ፈሳሽ በኢነርሺያው ምክንያት ወደ ላይ መጓዙን ይቀጥላል፤ የምድር ስበት ደግሞ ወደ ታች ይጎትተዋል። ዓምዱ ጥቂት ቅጽበት ያድጋል፤ ከዚያ ይቀጥናል፤ ይበጠሳል። ድመቷ አፏን የምትዘጋው ዓምዱ እጅግ በወፈረበት፣ ስበት ሳያሸንፍ ባለው ቅጽበት ነው። አንድ ልሰት የሚያስገኝላት 0.14 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በሴኮንድ ሦስት ተኩል ጊዜ ያህል ትልሳለች። 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የቡና ሲኒ ሙሉ ፈሳሽ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል ማለት ነው።

ትላልቆቹ ዘመዶቿስ? ነገሩን አቅልለን እንየው። ዓምዱ ለመውደቅ የሚፈጅበት ጊዜ ከርዝመቱ ካሬ ዘር ጋር አብሮ ያድጋል። የእንስሳው ርዝመት ደግሞ ከክብደቱ ኩብ ዘር ጋር ያድጋል። ሁለቱ ሲጣመሩ የልሰቱ ጊዜ ከክብደቱ ስድስተኛ ዘር ጋር ያድጋል፤ ትልቅ እንስሳ በዝግታ መላስ አለበት ማለት ነው። 160 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንበሳ የአንድ ባለ 4 ኪሎ ግራም ድመት 40 እጥፍ ነው። የ40 ስድስተኛ ዘር 1.85 ያህል ስለሆነ፣ አንበሳው በሴኮንድ ከሁለት ጊዜ ትንሽ ባነሰ ይልሳል ብለን እንገምታለን። ይህን ለማረጋገጥ አንበሳና ነብር ሲጠጡ መቅረጽ ያስፈልጋል። ተመራማሪዎቹ አንዳንዶቹን በእንስሳት ማቆያ ቀረጹ፤ ሌሎቹን ግን ከዩቲዩብ፣ ሰዎች ለመዝናኛ ካሰራጯቸው ቪዲዮዎች ላይ እየቆጠሩ አገኙ። ቁጥሮቹ ከቀመሩ ጋር ተስማሙ። ጥናቱ በኖቬምበር 2010 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። ዓሣ አጥማጅ መረቡን ጥሎ ወርቅ እንዳወጣ ሁሉ፣ ሰው ለሳቅ የጫነው ቪዲዮ የልኬት መዝገብ ሆነ።

ውሻ እንደ ድመት ይጠጣ ይሆን የሚል ሰው በ2015 በጁንግና ባልደረቦቹ የወጣውን ሌላ ጥናት ይፈልግ። ውሻም ምላሱን ወደ ኋላ ያጥፋል፤ ግን ገጹን በመንካት አይወሰንም፤ በኃይል ያጠልቀዋል፤ በታላቅ ፍጥንጥነትም ይመልሰዋል። ውሻ ሲጠጣ ወለሉ የሚረጥበው በዚህ ነው።

እኛ በውጭ አገር በተማርንበት ዘመን እንዲህ ያለው ቀረጻ የሚሠራው በብዙ ገንዘብ በተገዛ ካሜራ ነበር። ዛሬ በርካታ የእጅ ስልኮች በሴኮንድ 240 ምስል ይቀርጻሉ፤ ይህም ለአንድ የድመት ልሰት ወደ 70 የሚጠጉ ምስሎችን ያስገኛል። ቤቱ እናት ድመትና ግልገሏ ያሉበት ተማሪ በቀላሉ የሚሠራው ሥራ አለ። እናቲቱ 4 ኪሎ ግራም፣ ግልገሏ 1 ኪሎ ግራም ብትሆን፣ የ4 ስድስተኛ ዘር 1.26 ነው። ቀመሩ በማደግ ላይ ላለ እንስሳም በቀጥታ የሚሠራ ከሆነ ግልገሏ በሴኮንድ 4.4 ጊዜ ያህል መላስ ይኖርባታል። ሁለቱን በሚዛን መዝኖ፣ ውኃ ያለበት አንድ ሳህን አጠገብ አቅርቦ፣ ስልኩን በጎን በኩል አስተካክሎ መቁጠር ነው።